ከማረጥ በኋላ የአጥንት መሳሳትን መከላከልና በጊዜ መመርመር

ጫማዎን አውልቀው ተረከዝዎን፣ መቀመጫዎንና ትከሻዎን ከግድግዳ ጋር አስጠግተው ይቁሙ፤ አገጭዎን ወደ ላይ ሳያነሡ ፊት ለፊት ይመልከቱ። አብሮዎት ያለ ሰው ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አናትዎ ላይ አሳርፎ ጠርዙን ከግድግዳው ጋር ያጋጥምና ከመጽሐፉ ሥር በእርሳስ ጭረት ያድርግ። ከወለሉ እስከ ጭረቱ ያለውን በሜትር ለክተው ከነቀኑ ይጻፉት። ማንም ሰው ጠዋት ከማታው ይልቅ ትንሽ ረዘም ስለሚል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲለኩም ሰዓቱ ተመሳሳይ ይሁን። ይህን ልኬት በወጣትነትዎ ከነበረዎት ቁመት ጋር ያስተያዩት፤ የድሮው ቁመት በአሮጌ መታወቂያ ወይም በሕክምና ካርድ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በሁለት የሐኪም ቤት ልኬቶች መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ከቀነሱ፣ ከአከርካሪዎ አጥንቶች አንዱ ሳያውቁት ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል የጀርባ ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

በሜትር የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። የአጥንት መሳሳት፣ ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ የሚሉት፣ ስብራት እስኪያመጣ ድረስ አያምም፤ ስብራቱም ቢሆን ሁልጊዜ አይታወቅም። ከአከርካሪ ስብራቶች ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በጊዜው ማንም ሳያውቃቸው ያልፋሉ፤ ሴትየዋ ዕቃ አንሥታ ወይም አስነጥሳ ወገቧን ያመማት ይመስላትና ጥቂት ቀን አርፋ ትረሳዋለች። በአንጻሩ ጉልበታቸውንና የጣቶቻቸውን መገጣጠሚያ የሚያማቸው ብዙ ሴቶች «አጥንቴ ሳስቶ ነው» ብለው ይሰጋሉ። የእነዚያ ሕመም ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ መበላት እንጂ የአጥንት መሳሳት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ስለዚህ ሕመም አለመኖሩን የጤንነት ምልክት አድርጎ መቁጠርም፣ ሕመም ሁሉ ከአጥንት መሳሳት የመጣ አድርጎ ማሰብም ያሳስታል። የአጥንትን ሁኔታ የሚያሳየው መለካት ብቻ ነው።

ማረጥ አጥንትን ለምን ያሳሳል?

አጥንት አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በውስጡ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ዕድሜ ልክ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ አንደኞቹ ያረጀውን አጥንት እየቦረቦሩ ያነሣሉ፣ ሌሎቹ በተቦረቦረው ቦታ አዲስ አጥንት ይሞላሉ። እስከ 30 ዓመት ገደማ የሚሞሉት ስለሚቀድሙ አጥንት ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የሁለቱ ሥራ ተቀራራቢ ሆኖ ይቆያል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ለሚቦረቡሩት ሕዋሳት፣ ማለትም ያረጀውን አጥንት ለሚያነሡት፣ ልጓም ነው። ሴት ስታርጥ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ልጓሙም ይላላል፤ መሙላቱ ባይቆምም መቦርቦሩን ሊደርስበት አይችልም። ማረጥ ከአጥንት መሳሳት ጋር መያያዙን ፉለር ኦልብራይት የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ገና በ1941 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል።

ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ካረጡ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት ከአጥንቷ እስከ 20 በመቶ የሚደርሰውን ልታጣ ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ መሳሳቱ ቢቀጥልም ፍጥነቱ ይቀንሳል። ቀድሞ የሚጎዳው እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረው የውስጠኛው አጥንት ስለሆነ፣ ስብራቱ በብዛት የሚታየው በእጅ አንጓ፣ በአከርካሪና በዳሌ ላይ ነው። ማረጥ የሚባለው የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሲቀር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይደርሱበታል። ከ45 ዓመት በፊት ያረጠች ሴት፣ በተለይም ከ40 በፊት ያረጠች ወይም ሁለቱም የእንቁላል ማምረቻዎቿ በቀዶ ሕክምና የወጡላት፣ አጥንቷ ያለ ልጓም የሚቆይበት ጊዜ ስለሚረዝም ስለ ጉዳዩ ከሐኪም ጋር የምትነጋገረው በ65 ዓመቷ ሳይሆን ዛሬ መሆን አለበት።

ማን ይመርመር? መቼ?

በአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ምክር የሚያወጣው ግብረ ኃይል በ2025 እ.ኤ.አ. ባደሰው ምክሩ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ሁሉ፣ ምንም ምልክት ባይኖራቸውም፣ የአጥንት ጥግግት፣ ማለትም በአጥንት ውስጥ ያለው የማዕድን መጠን፣ ምርመራ እንዲያደርጉ ይመክራል። ካረጡት መካከል 65 ያልሞላቸው ደግሞ ለስብራት የሚያጋልጣቸው ነገር ካለ መጀመሪያ የአደጋ መገመቻ ተሠርቶላቸው፣ ግምቱ ከፍ ካለ ይመረመራሉ። ሌሎች አገሮች ዕድሜውን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ከሚያጋልጡት ነገሮች ዋነኛው ቀደም ሲል የደረሰ ስብራት ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቆመችበት ተደናቅፋ ወድቃ እጇ ቢሰበር፣ ጀሶ ይታሰርላትና ስድስት ሳምንት ቆይታ «ዳነች» ተብላ ትሸኛለች። አጥንቷን የጠየቀ የለም። ጤናማ አጥንት ከቁመት በማይበልጥ ከፍታ በመውደቅ በቀላሉ አይሰበርም፤ ስለዚህ ያ ስብራት አደጋ ብቻ ሳይሆን የምርመራ ውጤትም ነው። በዳሌ ወይም በአከርካሪ ላይ የደረሰ ከሆነ ደግሞ የመለኪያው ቁጥር ምንም ቢል በሽታው አለ ለማለት ያስችላል። ከአንድ ስብራት በኋላ ሁለተኛው የሚከተልበት ዕድል ከፍ የሚለው በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ስለሆነ፣ ጀሶው በሚፈታበት ቀን «የአጥንቴ ጥግግት ይለካልኝ» ብሎ መጠየቅ ከምንም ነገር በፊት የሚመጣ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። እናት ወይም አባት ዳሌያቸው ተሰብሮ ከነበረ፣ ሰውነት በጣም ቀጭን ከሆነ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ በቀን ሦስት መጠጥ ወይም ከዚያ በላይ አልኮል የሚወስዱ ከሆነ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከወሰዱ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ከመጠን ያለፈ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ወይም አንጀት ምግብ በሚገባ እንዳይመጥ የሚያደርግ በሽታ ካለብዎ ተጋላጭነትዎ ከፍ ይላል። ለጡት ካንሰር ኢስትሮጅንን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶችም ከዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ቤት ተቀምጠው በእርሳስና በወረቀት የሚሠሩት አንድ ስሌት አለ። ከክብደትዎ፣ በኪሎ ግራም፣ ዕድሜዎን ይቀንሱ፤ የተገኘውን በ0.2 ያባዙ። ውጤቱ ከ2 በታች ከሆነ፣ 65 ዓመት ባይሞላዎትም ለመለካት በቂ ምክንያት አለዎት። ለምሳሌ 58 ኪሎ የምትመዝን የ61 ዓመት ሴት ብትሆኑ፣ 58 ሲቀነስ 61 የሚሰጠው ከዜሮ በታች 3 ነው፤ በ0.2 ሲባዛ ከዜሮ በታች 0.6 ይሆናል፤ ይህ ከ2 በእጅጉ ያነሰ ነው። 75 ኪሎ የምትመዝን የ55 ዓመት ሴት ግን 4 ታገኛለች፤ ለጊዜው መቆየት ትችላለች ማለት ነው። ስሌቱ ከክብደትና ከዕድሜ ሌላ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ አይርሱ፤ ለዓመታት ስቴሮይድ የወሰደች ወይም አጥንቷ ተሰብሮ የሚያውቅ ሴት 4 ብታገኝም መመርመር ይኖርባታል።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሰፋ ያለው መገመቻ ፍራክስ ይባላል። በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 90 ለሆኑ ሰዎች በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ውስጥ ዳሌ ወይም ሌላ ዋና አጥንት የመሰበሩን ዕድል በመቶኛ ይነግራል። የአጥንት መለኪያ ውጤት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል፤ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ደካማ ጎኑ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደወደቁ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ደጋግመው የሚወድቁ ከሆነ እውነተኛው አደጋ ከተነገረዎት በመቶኛ በላይ ስለሚሆን ይህን ለሐኪምዎ በራስዎ አንደበት ይንገሩ።

የምርመራው ቀን

ትክክለኛው መለኪያ ዴክሳ ይባላል፤ ኃይላቸው የተለያየ ሁለት ደካማ የራጅ ጨረሮችን በአጥንት ውስጥ በማሳለፍ ምን ያህል ማዕድን እንዳለ ያሰላል። ተራ ራጅ ይህን አይተካም፤ አጥንት መሳሳቱ በተራ ራጅ በግልጽ ሲታይ ብዙ አጥንት ቀድሞ አልቋል። ተረከዝን በአልትራሳውንድ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ደግሞ ስለ አደጋው ፍንጭ ይሰጣል እንጂ በእርሱ ውጤት ብቻ በሽታው አለ ወይም የለም ማለት አይቻልም፤ እዚያ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ከተነገረዎት ቀጣዩ እርምጃ ዴክሳ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ከምርመራው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት የካልሲየም እንክብል አይውሰዱ፤ ያልሟሟ እንክብል ሆድ ውስጥ ካለ ከወገብ አጥንት ጋር ተደርቦ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በቅርቡ የውስጥ አካል በምስል ጎልቶ እንዲታይ ባሪየም ጠጥተው፣ ለዚሁ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ተወግተው ወይም ጨረር አመንጪ መድኃኒት የተሰጠበት ምርመራ አድርገው ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ፤ ጥቂት ቀናት መቆየት ያስፈልግ ይሆናል። ዚፕ፣ የብረት ቁልፍና ቀበቶ የሌለው ልብስ ይልበሱ። ከዚህ በተረፈ መጾም አያስፈልግም፤ መርፌም የለም።

ጠረጴዛው ላይ በጀርባዎ ይተኛሉ፤ መሣሪያው አይዘጋብዎትም፣ ክንዱ ከላይ ቀስ ብሎ ያልፋል። ለወገብ ምስል እግርዎ ከፍ ብሎ ትራስ መሰል ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤ ለዳሌው ደግሞ ባለሙያዋ የእግርዎን ጣቶች ወደ ውስጥ አዙራ በማሰሪያ ትይዘዋለች። ይህ የሚደረገው የጭን አጥንት አንገት ሳይታጠፍ በሙሉ ርዝመቱ እንዲታይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ቢወጥርዎትም እግርዎን አይመልሱ። ሁሉም ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚያገኙት ጨረር ከደረት ራጅ እንኳ ያንሳል።

ወረቀቱን ማንበብ

በውጤት ወረቀቱ ላይ ከብዙ ቁጥሮች መካከል የሚፈልጉት ቲ-ስኮር የሚለውን ነው። ይህ ቁጥር የእርስዎ አጥንት ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ ከዜሮ በታች 1 እና ከዚያ የተሻለ ጤናማ ነው፤ ከዜሮ በታች 1 እና 2.5 መካከል ያለው ኦስቲዮፔኒያ ወይም መለስተኛ መሳሳት ነው፤ ከዜሮ በታች 2.5 እና ከዚያ የባሰው ኦስቲዮፖሮሲስ ነው። ወገብ፣ ሙሉ ዳሌና የጭን አጥንት አንገት ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ቢሰጡ ፍርዱ የሚሰጠው በዝቅተኛው ነው። ዜድ-ስኮር የሚለው ሌላ ቁጥር ከዕድሜ እኩዮችዎ ጋር ብቻ ስለሚያወዳድር «ለዕድሜዎ ደህና ነው» ተብሎ ቢነገርዎ አይዘናጉ፤ የእኩዮችዎም አጥንት ሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ የማይናገራቸው ነገሮች አሉ። በዕድሜ የገፋች ሴት ወገብ ላይ የበቀሉ የአጥንት ሹሎችና የተጨፈለቀ አከርካሪ ጥግግቱን ከእውነቱ በላይ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ ወገቡ ጥሩ ዳሌው ደካማ ሆኖ ከተገኘ የሚታመነው ዳሌው ነው። ከዜሮ በታች 2.5 የሚለው መስመርም በሰው የተሰመረ መለያ ነው። ከዜሮ በታች 2.4 ያገኘችው ሴት አጥንት 2.5 ካገኘችው የሚለየው ለስሙ ያህል ብቻ ነው፤ እንዲያውም መለስተኛ መሳሳት ያለባቸው ሴቶች ቁጥራቸው ብዙ ስለሆነ፣ ከጠቅላላው ስብራት አብዛኛው የሚደርሰው በእነርሱ ላይ ነው። በመካከለኛው ምድብ ከሆኑ ወረቀቱን ይዘው ፍራክስ እንዲሠራልዎት መጠየቅ እንጂ «ገና ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት አይበጅም።

ምርመራው ስንት ጊዜ ይደገም ለሚለው መልሱ የመጀመሪያው ቁጥር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ዕድሜያቸው 67 እና ከዚያ በላይ የሆኑ አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ከሴቶቹ 10 በመቶ የሚሆኑት ወደ ኦስቲዮፖሮሲስ ለመድረስ አጥንታቸው ጤናማ ወይም በትንሹ የሳሳ ሲሆን 15 ዓመት ያህል፣ በመካከለኛ ደረጃ ሲሆን 5 ዓመት፣ ከመስመሩ አጠገብ ሲሆን ግን 1 ዓመት ያህል እንደሚፈጅባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥራቸው ጥሩ የሆነ ሴቶች በየዓመቱ መለካት አያስፈልጋቸውም። ሲደግሙ የተቻለውን ያህል በዚያው መሣሪያ ይሁን፤ ሁለት መሣሪያዎች ለአንድ አጥንት የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ።

ቁጥሩ ዝቅ ካለ ሐኪም የደም ካልሲየም፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ዲ፣ የደም ማነስና አንዳንዴም የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ ያዛል። ከማረጥ ሌላ መንስኤ ካለ ካልታከመ የአጥንት መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም።

ካልሲየም፣ በልኩ

ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን 1200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል፤ ይህ ቁጥር ምግብንና እንክብልን በአንድ ላይ የሚያጠቃልል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ወደ 300 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ከነአጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣ፣ አይብና ጎመን ጥሩ ምንጮች ናቸው። ስፒናችና ቆስጣ በወረቀት ላይ ብዙ ካልሲየም ቢኖራቸውም ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። መጀመሪያ የአንድ ቀን ምግብዎን ይደምሩ፣ የጎደለውን ብቻ በእንክብል ይሙሉ። ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ በደንብ ስለማይመጥ የሚወስዱትን ይከፋፍሉት። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስዱ ግን ያለ ምግብም የሚሠራው ካልሲየም ሲትሬት ይሻላል። የታይሮይድ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ይኑር። ከመጠን ያለፈ ካልሲየም የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።

ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙ ከአንጀት እንዲመጠጥ ያደርጋል፤ የሚመከረው እስከ 70 ዓመት በቀን 600፣ ከዚያ በላይ 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ቆዳ ከፀሐይ ይሠራዋል፤ ቆዳቸው የጠቆረ፣ የሚሸፋፈኑና ከቤት የማይወጡ ሰዎች ግን አነስተኛ ያገኛሉ። «ብዙ ቢሆን ምን ይጎዳል» የሚለው ግምት እዚህ አይሠራም፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት በአንድ ጊዜ የወሰዱ አረጋውያን ሴቶች ካልወሰዱት ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደወደቁና እንደተሰበሩ አሳይቷል። ፕሮቲንም አይዘንጋ፤ አጥንትን የሚሸከመው ጡንቻ ያለ እርሱ አይሠራም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል፦ ካልሲየም ጡብ ነው፣ ግንበኛ አይደለም። እንክብሉን በየቀኑ ውጦ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል አጥንት አይሠራም።

እንቅስቃሴ

አጥንት የሚጠነክረው ሲጫን ነው። ዋናና ብስክሌት ለልብ ጥሩ ቢሆኑም ክብደትን ስለማያሸክሙ ለአጥንት የሚሰጡት ጥቂት ነው። ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ደረጃ መውጣትና ዳንስ የተሻሉ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጡንቻን ከክብደት ጋር የሚያታግል ሥራ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ለመጀመር ከወንበር የተሻለ መሣሪያ የለም። የማይንሸራተት፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ከግድግዳ ጋር ያስጠጉ፤ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ከጉልበትዎ ሥር ያድርጉ፣ እጆችዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሡ። ከዚያ ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ መጨረሻው ላይ ዝም ብሎ መዘርገፍ የለም፣ ጡንቻ የሚሠራው በዚያች የመጨረሻ ስንዝር ነው። አሥር ጊዜ ከቻሉ ዕረፍት ወስደው ይድገሙ፤ ሲቀልልዎት በእጅዎ ትንሽ ክብደት ይያዙ።

ሚዛን የሚለማመዱት ደግሞ በየቀኑ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ጠርዝ በአንድ እጅ ይዘው በአንድ እግር እስከ አሥር ቆጥረው ይቁሙ፤ ሲለምዱት በአንድ ጣት ብቻ ይንኩ። ታይቺ የተባለው ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ መውደቅን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል።

አጥንታቸው መሳሳቱ የታወቀ ወይም አከርካሪያቸው የተሰበረ ሴቶች ግን ወገብን ወደ ፊት የሚያጥፍ ልምምድ፣ ለምሳሌ ተኝቶ ለሆድ ጡንቻ መነሣትንና ቆሞ የእግር ጣት መንካትን፣ መተው አለባቸው። ጎንበስ ሲሉ የአከርካሪው የፊት ክፍል ይጨመቃል፣ ስብራቱም የሚነሣው ከዚያ ነው። ዕቃ ከመሬት ሲያነሡ ጀርባዎን ቀጥ አድርገው ከዳሌና ከጉልበት ይታጠፉ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ይነሡ፤ እያነሡ ወደ ጎን አይዙሩ።

አለመውደቅ

ከዳሌ ስብራቶች አብዛኞቹ የሚከተሉት መውደቅን ነው፤ የማይወድቅ ሰው ሳስቶም ቢሆን ዳሌው ሊተርፍ ይችላል። በመጀመሪያ ራስዎን ይፈትኑ፦ እጅ ሳይጠቀሙ አምስት ጊዜ ከወንበር ተነሥተው ለመቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀብዎት እግርዎ ደክሟል፤ ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢላኩ ይጠቅምዎታል።

ከዚያ በሌሊት ከአልጋዎ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለውን መንገድ በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ ይሂዱበት። ጠርዙ የተገለበጠ ምንጣፍ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከአልጋ እጅ የማይደርስበት ማብሪያ፣ ውኃ የሚቋጥር ለስላሳ ወለል፣ እነዚህ በጨለማና በእንቅልፍ ልብ የሚጥሉ ናቸው። ምንጣፉ ይነሣ ወይም ይጣበቅ፤ በኮሪደሩ ትንሽ መብራት ሌሊቱን ይብራ፤ ከመቀመጫው አጠገብ የሚይዙት ብረት ግድግዳ ላይ ይታሰር። ብረቱ የሰው ክብደት የሚችል እንጂ የፎጣ መስቀያ አይሁን፤ የፎጣ መስቀያ ይዞ የወደቀ ብዙ ነው። ተረከዙ የላላ ነጠላ ጫማና ካልሲ ብቻ አድርጎ በለስላሳ ወለል መሄድ ይቅር። ሌሊት ሲነሡ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ትንሽ ይቆዩ፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በድንገት መነሣት ራስ ያዞራል። የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒቶች ከሚጥሉት ነገሮች ግንባር ቀደም ስለሆኑ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በከረጢት ይዘው ሐኪምዎ አንድ በአንድ እንዲያያቸው ያድርጉ።

መድኃኒት ሲታዘዝ

ዳሌው ወይም አከርካሪው ለተሰበረ፣ ቲ-ስኮሩ ከዜሮ በታች 2.5 እና ከዚያ ለባሰ፣ መለስተኛ መሳሳት ኖሮት የፍራክስ ግምቱ ከፍ ላለ ሰው መድኃኒት ይታዘዛል። በአሜሪካ መመሪያዎች ለዚህ የሚያገለግለው መለያ ለዳሌ 3 በመቶ፣ ለዋና ዋና አጥንቶች በጠቅላላ 20 በመቶ ነው። በሰፊው የሚታወቀው አሌንድሮኔት ነው፤ 70 ሚሊ ግራም በሳምንት አንድ ቀን ይወሰዳል። አወሳሰዱ ላይ ቸልተኝነት አይሠራም። ጠዋት እንደተነሡ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል፤ ቡና፣ ሻይ፣ ወተትና ጭማቂ መምጠጡን ያበላሹታል። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ምንም ሳይበሉና ሳይተኙ ቆመው ወይም ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይቆያሉ፤ እንክብሉ ጉሮሮ ውስጥ ቢቀር ያቆስላል። ይህን መፈጸም ለማይችሉ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ፤ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ለጥቂት ቀናት እንደ ጉንፋን ያለ ስሜት ሊኖር ይችላል። ከ60 ዓመት በታች የሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ያልሞላቸው፣ በትኩሳትና በላብ የሚሰቃዩ ሴቶች ስለ ሆርሞን ሕክምና ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ አጥንትንም ይጠብቃል፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ላላቸው ግን አይሆንም።

አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ የመንጋጋ አጥንትን እንደሚጎዱና ጭንን እንደሚሰብሩ ሰምተው የሚፈሩ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም ይደርሳሉ፣ ሁለቱም ግን ብርቅ ናቸው፤ መድኃኒቱ ከሚያድነው ስብራት ጋር ሲተያዩ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የሚነቀል ጥርስ ካለ ያስነቅሉ፤ በሕክምናው መካከል ያለ ምክንያት ጭንዎን ወይም ብሽሽትዎን ካመመዎት ሳይዘገዩ ይናገሩ። አሌንድሮኔት ለአምስት ዓመት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ ለሦስት ዓመት ያህል ከተወሰዱ በኋላ ሐኪሙ ዕረፍት መስጠት ይቻል እንደሆነ ይመረምራል።

በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ዴኖሱማብ ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ አጥንት ውስጥ ስለሚቆዩ ቢያቆሟቸውም ለጊዜው ይሠራሉ፤ እርሱ ሲቋረጥ የተገታው መቦርቦር በአንድ ጊዜ ይለቀቅና አንዳንድ ሴቶች በወራት ውስጥ በርካታ አከርካሪዎቻቸው ይሰበራሉ። መርፌውን የጀመረች ሴት የሚቀጥለውን ቀን የቀን መቁጠሪያ ላይ ትጻፍ፤ ቀኑ ከመድረሱ አንድ ወር ቀደም ብላ መድኃኒቱ መኖሩን ታረጋግጥ፤ ማቆም የግድ ከሆነም ሐኪሟ በእግሩ የሚተካ ሌላ መድኃኒት ሳያዝላት ቀጠሮዋን አታሳልፍ።